ክፈቺልኝ

ሰኔ 20

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ዛሬ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ወደ መኝታ ክፍል በመጓዝ ላይ ሳለ ማሰሪያው ድንገት ተበጥሶ በክብር ተሰናብቷል። ሟች ረጅም የእስር ዘመን በትዕግሥት ያሳለፈ፣ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ቀን ተፈትቶ የነጻነትን አየር ገና በወጉ ያልሳበ ጫማ ነበር። ከቀኝ እግር ወንድሙ በቀር ዘመድ አልነበረውም።

ይህንኑ ለወይዘሪት በቃል ባስታውቃት ሳቋን በእጅጌዋ ሸፍና "ጣይው በቃ" አለችኝ። ጫማውን ይዤ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆምኩ። "ልጣለው?" አልኩ። ዞር ብላ አየችኝ። "ጣይው አልኩሽ እኮ።" ጣልኩት። ፈቃድ ተገኝቷልና።

ወይዘሪት ልጄ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ጥርስ ስታበቅል ገባሁ፣ ጥርስ ስትነቅል ወጣሁ፤ በመካከል ያለውን የምታውቀው እትዬ ናት። እትዬ ታላቅ እህቴ፣ የዚህም ቤት እመቤት። ወይዘሪት እሷን "እማዬ" ትላታለች። እኔን "አንቺ" ትለኛለች። አጭር ስም ነው፤ ለመጥራት አያስቸግርም።

ሰኔ 23

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የእትዬ ባል በሌላ ከተማ የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሄዷል። እትዬም ክረምቱ አልቆ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ትከተለዋለች። ቤቱ ለኔ ይቀራል። ወይዘሪትስ? "ክረምቱን እንየውና እንወስናለን" አለች እትዬ፣ ሻይ እየቀዳች። ዳኛ ፊት ቆሜ አውቃለሁ። የእትዬ ችሎት የሚለየው ከብይኑ በፊት ስኳር ይጨመርልሽ ወይ ብላ መጠየቋ ነው።

"እንወስናለን" ስትል እኔም አለሁበት ወይ ልላት ፈልጌ ነበር። ሻዩ ትኩስ ሆነና አፌን ያዘው።

ወይዘሪት ጠረጴዛው ሥር የአሻንጉሊት ጸጉር ትጎነጉን ነበር። ልጅ አይሰማም ይባላል። እንዲህ ያለው ሰውዬ ልጅ ሆኖ አያውቅም።

ሰኔ 28

ሥራ ጀምሬአለሁ፤ የሆቴሎች አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ። የማያውቁኝ ሰዎች የተኙበትን አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ። የሰውን ምስጢር እንደ አንሶላ የሚያውቅ የለም፤ ግን አፍ የለውም፤ ስለዚህ እንግባባለን።

አለቃችንን ሠራተኞቹ "እንፋሎት" ይሏታል፤ ሳትታይ ታቃጥላለች። ለኔ ግን ደግ ሆናለች። "እንዳንቺ ያለ ትሑት ሰው አላየሁም፤ ሰው ሳታሳልፊ በር አታልፊም" አለችኝ። አመሰገንኳት። እዚያ ሥራ ቦታ ከማጠቢያው ወደ መተኮሻው የሚያልፉት በፕላስቲክ መጋረጃ ነው፤ በደረት ገፋ አድርጎ ማለፍ ነው። በር ያለው ሽንት ቤቱ ብቻ ነው። አንዷ ስትሄድ ተከትዬ እሄዳለሁ። ሴቶቹ ሰው ወዳድ ናት ይሉኛል።

ሐምሌ 2

የሚከተለው ለመዝገብ ያህል ነው። እኔ በር አልፈራም። በር የሚፈራ ሰው ሰምቼም አላውቅም። የተዘጋ በር ፊት ትንሽ ቆም ማለት ጨዋነት ነው፤ ከውስጥ ያለው ሰው ራቁቱን ይሆን፣ እያለቀሰ ይሆን፣ ምን ይታወቃል? ሁሉም ሰው እንደ ጎርፍ ዘው ብሎ ከሚገባ አንድ ሰው ቢቆም ምን ይላል?

ይህን የምጽፈው እትዬ ዛሬ በስልክ ለባሏ ያለችውን ስለሰማሁ ነው። "እንደ እንግዳ በር ላይ ትቆማለች። የገዛ ቤቷ መሆኑን ገና አላመነችም፤ ምስኪን።" ምስኪን የምትለዋን ቃል ከስኳሩ ጋር ሳታማስላት አትቀርም፤ ጣፍጣ ወጣች።

ሐምሌ 6

ወይዘሪት ደረሰችበት። እትዬ ሳምንታት የኖረችበትን እሷ በአንድ ከሰዓት ነቃችበት።

ኩሽናው በር ላይ ቆሜ ነበር። ከውስጥ ሆና በስንጥቁ አየችኝ። ልትከፍት እጇን ዘረጋችና ተወችው። ቆየች። እኔም ቆየሁ። ከዚያ ከፈተችና፣ "ካልከፈትኩልሽ አትገቢም?" አለችኝ። እገባለሁ እንጂ አልኳት። ዘጋችው። "ግቢ።" ከበሩ ማዶ ሆኜ፣ ሥራ እንዳለብኝ፣ ጨዋታው ለሌላ ጊዜ እንደሚሻል ነገርኳት። ቀስ ብላ ከፈተችልኝ።

ማታ ራት ላይ ራሷን የበር ሹም አድርጋ ሾመች። የወረቀት ባርኔጣ ሠርታለች።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጌቶች።"

"ከየት?"

"ከኩሽና።"

"ምን ይዘሻል?"

"ሳህን።"

"እለፊ።"

እትዬ እስክታስል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሹሙ ሳህኑን ከእጄ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጥሩ ሹም ነው።

ሐምሌ 11

ቸኩያለሁ። እንፋሎት ተቆጣች፤ አንድ የትራስ ልብስ ቢጫ ሆነ። ወይዘሪት ጥርሷ ወለቀ፤ ለእትዬ ሰጠቻት። ለእኔ ቀዳዳውን አሳየችኝ። ቀዳዳውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። እስር ቤት ጥጉ ላይ የምትተኛው፣ የጥግ ልጅ የምንላት፣ ትላንት በሕልሜ መጣች። ስለ እሷ አልጽፍም።

ሐምሌ 16፣ ማታ

ሁሉም ተኝቷል። ወይዘሪት ዛሬ ስለ አባቷ ጠየቀችኝ። "ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለች። ደግ ሰው ነበር አልኳት። አልዋሸሁም። በተለይ ለሰው ዕቃ ርኅራኄው ልዩ ነበር፤ የሰው ንብረት ደጅ ሲያድር አንጀቱ አይችልም፣ ወደ ቤታችን ያስገባው ነበር። ቤታችን በላይ በላዩ በተደራረበ ቴሌቪዥን ሲሞላ፣ የዘመድ አደራ ነው አለኝ። ብዙ ዘመድ አለው ብዬ ደስ አለኝ። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ሆድ ያውቃል፤ አፍ ግን ሥራ ላይ ነበር፤ ልጅ እያባበለ።

ፖሊሶቹ ገብተው "ይህ የማን ነው?" ሲሉ እኔና እሱ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ልጄ ጀርባዬ ላይ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ወለሉን ያያል። ወለሉን እኔ ነኝ ጠዋት ያጠብኩት፤ እንዲህ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረበትም። "የኔ ነው" አልኩ። እሱ ሠርቶ ያበላታል፣ እኔን ሴት ናት ብለው ቶሎ ይለቁኛል፣ ቤቱም አይፈርስም ብዬ አስቤ ነበር። ከሦስቱ አንዱም እንኳ ሊደርስ አልሞከረም። ዳኛው ደጋግመው ጠየቁኝ፤ በደግነት። እኔም በጀግንነት ደጋግሜ የኔ ነው አልኩ። እሱ እስር ቤት ሁለቴ መጣ። ከዚያ መንገዱ ረዘመበት።

ወይዘሪት ይህን ሁሉ አታውቅም። "ደግ ከሆነ ለምን አይመጣም?" አለች። ለዚህ መልስ ስፈልግ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጅ የሚያንቀላፋው ለትልቅ ሰው አዝኖ ይመስለኛል።

ሐምሌ 25

ጎረቤታችንን በዚህ ደብተር ሳላስተዋውቅ መቅረቴ ነውር ነው። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ጋሽ ቧንቧ ይላቸዋል። ደህና የሚሠራ ቧንቧ ሲያዩ ያዝናሉ። ዛሬ እትዬ ደረጃው ላይ አስቁማቸው ስትማከር ደረስኩባቸው። ከመታጠፊያው በታች ቆምኩ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እኔ አላዘዝኩትም።

እትዬ፣ ልጅቷን ብትወስዳት እኔን እንደምትገድለኝ፣ ብትተዋት ደግሞ ልጅቷ ምን እንደምትሆን እንደማታውቅ ነገረቻቸው። "እህቴ ክፉ አይደለችም፤ ግን አንድ ነገር ቢፈጠርስ? ልጅቷ ብትወድቅ፣ እሳት ቢነሳ፣ ምን ታደርጋለች? ቆማ የምታይ ነው የሚመስለኝ።" ጋሽ ቧንቧ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰው ውኃ አይደል፤ ሲታገድ ይቆያል፣ ሲከፈት ይሄዳል" አሉ። እትዬም፣ ቧንቧው ዝጎስ ከሆነ አለቻቸው። እሳቸውም የደረጃውን ቧንቧ አንኳኩተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሙያቸው እንኳ አልረዳኝም።

ነሐሴ 3

ወይዘሪት ተቆጣችኝ። ቀሚሷን ስተኩስ ሳልጠይቃት ኪሱ ውስጥ ያለውን ብጥስጣሽ ወረቀት ጣልኩ፤ የበር ሹሙ ባርኔጣ ነበረ አሉ። መኝታ ክፍል ገባች፣ እያየችኝ ቀስ ብላ ዘጋችው። ሌላ ልጅ ቢሆን በሩን ያላትመው ነበር። እሷ ቀስ አለች። ከእንግዲህ የት እንደምትመታኝ ታውቃለች።

እትዬ ከሥራ እስክትመለስ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጬ ሽንኩርት ላጥሁ። እዚያ ምን ትሠሪያለሽ ስትለኝ፣ ኮሪደሩ ብርሃን ይሻላል አልኳት። አምፖሉ ከተቃጠለ ሰንብቷል።

ነሐሴ 8

እትዬ አዲሱን ቤት ልታይ ሄደች። ለጥቂት ቀን ነው። እኔና ወይዘሪት ብቻችንን ነን። ፈተና ነው ያለ የለም፤ ፈተና አይደለም ያለም የለም። የጋዙን፣ የመብራቱን፣ የመድኃኒቱን ነገር ሁለት ጊዜ አስጠናችኝ። "ምንም ነገር ቢሆን ጋሽ ቧንቧን ጥሪ" አለችኝ፤ ጫማዋን እያጠለቀች። ከዚያ ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ቆየች። እኔንም አቀፈችኝ። የኔ እቅፍ አጠር ያለ ነበር፤ ግን እቅፍ ነው።

ሲመሽ ከወይዘሪት ጋር ካርታ ተጫወትን። ታጭበረብራለች። ይህን ከማን እንደወረሰች ለመርማሪ እተወዋለሁ። ደስ ብሎኛል። ይህ ዐረፍተ ነገር ይደገም፦ ደስ ብሎኛል።

ነሐሴ 10

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ጋሽ ቧንቧ ከፈቱት። ታክሲ። ትርፍ አንጀት ነው አሉ። ወይዘሪት ኦፕራሲዮን ገብታለች።

አግዳሚ ላይ ነኝ። ከላውንደሪው በኪሴ በቀረ ወረቀት ላይ ነው የምጽፈው፤ በኋላ ደብተሩ ላይ እለጥፈዋለሁ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ሁለት መዝጊያ፣ ክብ መስኮት፣ ምንም እጀታ የለውም። እዚህ በር ፊት ሁሉም ሰው እንደኔ ነው። ማንም ለምን አትከፍቺም አይለኝም።

ነሐሴ 11

ወጣች። ደህና ናት። ተርፋለች። እጇ ላይ ቧንቧ አለ፤ ጋሽ ቧንቧ ሊጠይቁ መጥተው ስለ ጠብታው ፍጥነት ነርሷን መከሯት።

ወጣቱ ሐኪም ትንሽ ብትዘገዩ ይፈነዳ ነበር አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ስትል ውላ ነበር፣ ነገሩ እትዬን መናፈቅ መስሎኝ ነበር። ይህንን ነገርኩት። "ከባሰባት በኋላስ? እዚያም ቆይታችኋል" አለ። በክስ አልነበረም፤ ብዕሩን ይዞ ነበር እንጂ። ብዕር የያዘ ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ አፌ ከኔ ይቀድማል።

"በሩን ቀርቅራው ነበር" አልኩት።

ጻፈ። ስዞር ወይዘሪት ዓይኗ ተከፍቷል። ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትም አልኩ። አልለቀቃትም።

ነሐሴ 12

እትዬ ከአውቶቡስ በቀጥታ መጣች፣ ጸጉሯ ሳይበጠር። ልጅቷን ከእግር እስከ ራስ ዳሰሰቻት። ከዚያ ተራዬ ደረሰ። "ጋሽ ቧንቧ ናቸው በሩን የከፈቱት ሲሉኝ ምን ማለት ነው? አንቺ የት ነበርሽ?"

በሩ ላይ አልኳት። እውነት ነው። በሩ ላይ ነበርኩ።

"ታዲያ?"

ከአልጋው ላይ ትንሽ ድምፅ መጣ። "እኔ ነኝ። ቀርቅሬው ነበር። ተናድጄ ነው።"

እትዬ ዞረች። ልጅቷ የምታየው እትዬን አይደለም፤ እኔን ነው። የምንናገረውን አብረን እንደተማከርን ሁሉ። እኔ ወለሉን አየሁ። ነጭ ወለል ነው፤ አልጋው እግር አጠገብ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ ሄዶ ሄዶ ግድግዳው ሥር ይገባል። ሰው ወለል የሚያየው ምን ፈልጎ እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ምንም አይፈልግም።

ነሐሴ 14፣ ማታ

እትዬ ሆስፒታል አድራለች። ቤት ብቻዬን ነኝ። በሮቹን ሁሉ በመጥረጊያ፣ በወንበር፣ በውኃ ጀሪካን ከፍቼ አስደግፌአለሁ፤ ለነፋሱ ነው።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ከምሳ በኋላ ወይዘሪት እትዬ ጋ እንደውል አለች። አሁን ቤቱን እያየች ነው፣ ማታ እንደውላለን አልኳት። ሆዷን ይዛ ተነሳች፣ መኝታ ክፍል ገባች፣ ዘጋችው። አትግቢ አለች። አልገባሁም። ይህ ድረስ ምንም የሚያስከስስ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ልብስ አጠፍኩ። ሸሚዝ ሁሉ ሲያልቅ ያጠፍኩትን ፈትቼ ደግሜ አጠፍኩ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ነይ" አለች። ተነሳሁ። በሩ ፊት ቆምኩ።

"ክፈቺልኝ" አልኳት።

"መነሳት አልችልም።"

"ክፈቺልኝ፣ የኔ ልጅ።"

"አልችልም እያልኩሽ ነው። አንቺ ነይ።"

እጄ ከጎኔ ነበር። እጄን አየሁት። ጤነኛ እጅ ነው፣ በቀን ስንትና ስንት አንሶላ ይጨምቃል። ክፈቺልኝ አልኩ ደግሜ። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ድምፁ የኔ አልነበረም። የዚያ የእስር ቤት ክፍል ሴቶች ሁሉ ድምፅ ነበር፤ በሩን በጫማ እየደበደብን "ክፈቱልን" ያልንበት፣ የጥግ ልጅ ሆዷን ይዛ የተጠቀለለችበት ሌሊት። እዚያ እጀታ የነካች ትቀጣለች፤ ደግሞስ ከውስጥ በኩል እጀታ መች አለና። ሲነጋ ተከፈተ፤ ለእሷ ዘግይቶ። ፍራሿን ሁለት ሆነን አጠፍነው። ጽፌዋለሁ እንግዲህ። አልጽፍም ያልኩት ለራሴ ነበር፤ ለማንም ቃል አልገባሁም።

ጋሽ ቧንቧን ጮኼ ጠራኋቸው። የዕቃ ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። ቦርሳውን ሳይከፍቱት እጀታውን ጫን አደረጉት። ሳያዩኝ፣ "በክረምት እንጨት ያብጣል፤ ያስቸግራል" አሉኝና ገቡ።

አንድ በር፣ ሁለት ምክንያት። እሳቸው አብጦ ነበር ይላሉ፣ እኔ ተቀርቅሮ ነበር እላለሁ። እንዲህ ብዙ ምስክር ያለው በር አይቼ አላውቅም።

ተቀርቅሮ ነበር። ብያለሁ።

ነሐሴ 18

ወይዘሪት ቤት ገባች። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ እንደ ሚኒስትር። እትዬ ዕቃዋን ሳታስቀምጥ ጠመንጃ መፍቻ ፈልጋ የመኝታ ክፍሉን መቀርቀሪያ ከነብሎኑ ነቀለችው። መቀርቀሪያው ዝጓል። ብሎኑ እንቢ ብሏት ላቧ ጠብ እስኪል ታገለች። "በዚህ በዛገ ነገር እንዴት ቀረቀረችው?" አለች ለራሷ። እኔ ሾርባ ነበር የማማስለው። ሾርባ ትኩረት ይፈልጋል።

ማታ ሻይ ቀዳችልኝ። ብይን መሆኑን በስኳሩ አወቅሁ።

"ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ፈርቼ ነበር" አለች። "ቆማ ታያለች እያልኩ። አንቺ ግን ሰው ጠርተሽ፣ ታክሲ ይዘሽ አድርሰሻታል። ያጠፋችው እሷ ናት፤ ከአንቺ ጋር መኖር መልመድ አለባት። ትቅር ካንቺ ጋር።"

ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ይህ ነው። አመሰገንኳት። እጇን ሳምኩት። ሻዩን እስከ አተላው ጠጣሁት። አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ደስታዬን ፈለግሁት። የሆነ ቦታ አስቀምጬው መሆን አለበት።

ነሐሴ 19

ወይዘሪት ዛሬም በር እየከፈተችልኝ ነው። በቁስሏ። ከአልጋ ወርዳ፣ ጎኗን ይዛ፣ ከኩሽናው በር ፊት አግኝታኝ ከፈተችልኝ። ባርኔጣ የለም፣ ማን ነው የለም። እንደ ሥራ ይዛዋለች። የችሎት ጸሐፊዎች ምን ብለው እንደሚጽፉት አላውቅም፤ እኔ ሄጄ ሽንት ቤት ውስጥ አለቀስኩ። እሱንም የከፈተችልኝ እሷ ናት።

ነሐሴ 20

ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዤ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄድኩ። ተዘግቷል። ከውስጥ እትዬ ልጅቷን ይቅርታ ታስጠናታለች።

"'በሩን ቀርቅሬ ስላስጨነቅሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ' ትያታለሽ። እስቲ በይ።"

ወይዘሪት አለችው። ቃል በቃል።

"ጮክ በይ። ዓይኗንም እያየሽ። ሁለተኛም አልዋሽም፣ አላስቸግርም በይ።"

ወይዘሪት ጮክ አለች። "ሁለተኛ አልዋሽም።"

የልጄን ድምፅ ሳይሆን የራሴን ሰማሁ፤ ጎልማሳ ድምፅ፣ ዳኛ ፊት፣ በጀግንነት። ያኔ አጠገቤ የቆመው ሰው ምን ይሰማው ይሆን ብዬ ዓመታት ሙሉ አስቤ ነበር። ምንም አይሰማውም። ሾርባ ይዞ ይቆማል።

በጄ ከፈትኩት ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። እጄ ሾርባ ላይ ነበር፤ ባይሆንም እምቢ ይል ነበር። በክርኔ እጀታውን ጫንኩና በትከሻዬ ሄድኩበት፤ በፕላስቲክ መጋረጃ እንደማልፈው። እትዬ ለካ ጀርባዋን ሰጥታ በሩን ተደግፋ ነበር። በሩ ወገቧን መታት፣ ሾርባው እሷም ላይ እኔም ላይ ፈሰሰ። በታላቅ እህት ላይ በር በመወርወር ወንጀል ለመጠየቅ ዝግጁ ነኝ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለች እትዬ።

"አልቀረቀረችውም። ክፍት ነበር። ያልከፈትኩት እኔ ነኝ።"

"ምን ማለት ነው ያልከፈትኩት?"

"እጄ እምቢ አለ። ነይ እያለችኝ ክፈቺልኝ እላት ነበር።"

እትዬ መቀርቀሪያው የነበረበትን ቀዳዳ አየች። ቀጥላ እኔን።

"ቀርቅሬው ነበር" አለች ወይዘሪት ከአልጋው ላይ። ፊቷ ቀልቷል። "እኔ ነኝ። እኔ ነኝ አልኩ እኮ። እሷ ምንም አላደረገችም።"

አጥብቃ ይዛዋለች፤ ማንም እንዳይነጥቃት። እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሾርባው ከቀሚሴ ይንጠባጠባል።

"ዝም በይ፣ ልጄ" አልኳት። "የኔ ነው።"

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ ስፌቷ እስኪያማት።

ነሐሴ 22

እትዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሻይም አልቀዳችም። ልጅቷን ትወስዳታለች። "የትምህርት ዓመቱን። ከዚያ እናያለን። አንቺም የሚያይሽ ሰው ፈልጊ፣ እኔ እከፍላለሁ" አለች። ቀጥላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ባትነግሪኝ ኖሮ ትታሽ ነበር የምትቀረው፣ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

ወገቧን ቅባት አሸሁላት። በልዟል።

ጳጉሜ 1

ሄዱ።

ጋሽ ቧንቧ ሻንጣ አወረዱ፣ በመንገድም የደረጃውን ቧንቧ አዳመጡ። እትዬ ታክሲው ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጠረገች። ወይዘሪት ደጃፉ ላይ ቀረች። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ የወለቀው ጥርሷ ቦታ አዲሱ ብቅ ብሎ፣ መመሪያ ሰጠችኝ።

"ስመጣ አንኳኳለሁ። አልገፋውም፣ ጋሽ ቧንቧንም አልጠራም። አንቺ ትከፍቺልኛለሽ።"

"እሺ" አልኳት።

"ብትቆዪም እጠብቃለሁ።" አሰበችበት። "ብዙ አትቆዪ ግን።"

ታክሲው ከታጠፈ በኋላ ወደ ላይ ወጣሁ። ኩሽና ገብቼ ጀበና ሳይቀር፣ ድስት ሳይቀር፣ መታጠብ የሌለበትን ነገር ሁሉ አጠብኩ። ነፋስ በሩን ከኋላዬ ዘጋው። ከማዶ ማንም የለም። የጥግ ልጅ ብቻ ነበረች፣ እሷም እንደኔ ትጠብቃለች።

ሲመሽ ከፈትኩት።

ጳጉሜ 3

እርማት። በዚህ ደብተር ነሐሴ 10፣ ከዚያም በኋላ በተለያዩ ቀናት "በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር" ተብሎ የሰፈረው፣ "በሩ ክፍት ነበር" ተብሎ ይነበብ። እንጨቱ አብጦ ነበር ሲሉ ጎረቤት የሰጡት ቃል ከደግነት የመነጨ ሆኖ ስለተገኘ ምስጋና ቀርቦላቸው ውድቅ ተደርጓል። ጥፋቱን በገዛ ፈቃዷ የኔ ነው ስትል ያመነችው የስምንት ዓመት ልጅ የሰጠችው ቃልም እንዲሁ። መዝገቡ ተዘግቷል። ልጅቷ ነጻ ናት።